የእትብቱ ደም የማን ነው?

አገራችንን «እትብቴ የተቀበረባት» የምንል ሰዎች ነን። እትብቱ ውስጥ ስለሚቀረው ደም ግን ሲወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ ውስጥ ዶክተር ኤሊያን ግሉክማን ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ለያዘው አሜሪካዊ ልጅ፣ ከአራስ እህቱ እትብት የተቀዳ ደም ሰጡት። ዳነ። ደሙ ውስጥ ያሉት ስቴም ሴሎች መቅኔው ውስጥ ገብተው ጤነኛ ደም ማምረት ስለሚችሉ ነው።

ታዲያ የተለገሰው ሁሉ አይጠቅምም። ባንኮቹ የሴሉን ብዛት ይቆጥራሉ፤ ካነሰ ለንቅለ ተከላ አያስቀምጡትም። ብዛቱን ደግሞ እርግዝናውና ወሊዱ ይወስኑታል። ክብደቱ ከፍ ያለ ህፃንና ትልቅ የእንግዴ ልጅ ብዙ ደም ይሰጣሉ። የበኩር ልጅ ከታናናሾቹ ይሻላል። ምጥ ሲረዝም ነጭ የደም ሴሎች ይጨምራሉ (እናትን ያሰቃየው ለባንኩ ሲሳይ!)። እርግዝናው ሲገፋ ግን ጠቅላላ ሴሉ ቢበዛም የስቴም ሴሎቹ ድርሻ ይቀንሳል።

የሚከብደው የመቆንጠጫው ሰዓት ነው። እትብቱ ወዲያው ከተቆነጠጠ ደሙ ለባንኩ ይተርፋል፤ ከቆየ ወደ ህፃኑ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል፤ ያ ደም ህፃኑን ለወራት የሚያገለግል አይረን ይዟል።

ሜሪላንድ ያለችው ነፍሰ ጡር የአክስቴ ልጅ «ልለግስ ወይስ ይቅርብኝ?» ስትለኝ የተጨነቅኩት ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመዝገብ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም የመቅኔ ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለነጭ ታማሚ 79 በመቶ ገደማ ሲሆን ለጥቁር 29 በመቶ ገደማ ነው። የእትብት ደም ሙሉ በሙሉ መግጠም ስለማይጠበቅበት ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። የሚያናድደው ግን ከጥቁር ህፃናት የሚቀዳው በአማካይ ሴሉ ያንሳል፤ ስለዚህ ባንክ ሳይገባ የሚቀረው ይበዛል።

«ደቂቃዋን ለልጅሽ ስጪ፣ የተረፈውን ለግሺ» አልኳት። የቆየ ሁሉ አይባክንም፤ ህፃኑ ግዙፍ ከሆነ ከደቂቃ በኋላም በቂ ሊቀዳ ይችላል። ካነሰም ለምርምር ሊውል ይችላል። ብቻ ልገሳ የሚቀበሉት የተወሰኑ ሆስፒታሎች ናቸው፤ ሐኪሟን ቀድማ ትጠይቅ። ፎርሙ ምጥ ላይ ሆነው የሚሞሉት አይደለም።