እናቴን ማን ፎቶ አነሳት?



እስቲ የየቤታችንን የፎቶ አልበም አውጥተን እንግለጥ። አባት በዒድ ልብሱ፣ አባት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ እናገኘዋለን። እናትስ? የእኔ እናት፣ አላህ ይዘንላትና፣ ለመታወቂያ ከተነሳቻት ጉርድ ፎቶ በቀር ምንም የላትም። በወሎ ገጠር ዕድሜዋን ሙሉ እንስራ አዝላ ውኃ ቀድታለች፤ ያንን ግን ማንም አላነሳውም።

ይህን ያስታወሰችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። አንድ ቀን ቦሌ ሚካኤል ካለው ቤታቸው ሄጄ ሳለ ፎቶግራፍ ማንሳት መማር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። በመድረሳ ያደግሁ ሰው ነኝና ፊቴ ጠቆረ። «ይህ ለሴት ልጅ ምን ይፈይዳል?» አልኳት። እሷም ስልኳን አውጥታ ታሳየኝ ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዋተር ኤድ ድርጅት በአፋር ዳሎል ያነሳቻቸው ነበሩ። በዚያ የጨው ምድር ላይ ደማቅ ልብስ የለበሱ ሴቶች ይታያሉ፤ የሥራው ጭብጥም የውኃ እጦት በሴቶች ላይ የሚጥለው ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በከተማችን አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችውም እሷው ናት።

ከእሷ በኋላ የመጣችው ወጣት ኢየሩሳሌም ጅሬኛ ደግሞ በሐረር ላይ ሠርታለች። ስለ ሐረር ሲነሳ ጎብኚ ሁሉ የሚያሳየን ጅብ ሲበላ ነው። ኢየሩሳሌም ግን 82 መስጊዶች ባሉባት በጀጎል ውስጥ፣ በቀለማት ባሸበረቁ ግድግዳዎች ሥር የሚመላለሱትን እናቶችና እህቶች አሳየችን።

«አጎቴ፣ አያቴንም ሴት ብታነሳት ኖሮ ከነእንስራዋ እናያት ነበር» አለችኝ ልጅቱ። መልስ አጣሁ።

ውድ አንባቢ ሆይ! ዑለሞች በፎቶግራፍ ላይ የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ፈትዋ ለመስጠትም አልተነሳሁም። ነገር ግን በየሠርጋችን ፎቶ አንሺ መጥራታችን አልቀረም። ታዲያ ወደ ሴቶቹ ክፍል ባዕድ ወንድ ከሚገባ የራሳችን ልጅ ብትገባ አይሻልምን? በጓዳ ያለውን ድካምስ ከሴት በላይ ማን ያውቀዋል?

ስለዚህ ፈቀድኩ፤ አንድ አደራ ግን ሰጠኋት። «ባለቤቱ ሳይፈቅድ አታንሺ፤ በካሜራሽ ያለው የሰው ገበና አማና ነው» አልኳት።

ባለፈው ረመዳን አንድ ፎቶ አሳየችን። የእናቷ ፊት አይታይም፤ ከመግሪብ በፊት ሳንቡሳ የሚጠቀልሉ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። ወንድሜ ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና፣ «እነዚህ እጆች ሃያ ዓመት አበሉኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየኋቸውም» አለ።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ካሜራ ስትጠይቃችሁ እንደ እኔ ፊታችሁን ለማጥቆር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ምን ልታሳያችሁ እንደፈለገች ጠይቋት።

ወላሁ አዕለም።