ከወናፉ አጠገብ

በይፋት ቆላ የእኩለ ቀን ሙቀት ከሰማይ ብቻ አይወርድም፤ ከቆርቆሮውም ነው። ሸዋ ሮቢት ያደረ ሰው ያውቀዋል። አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫልና ፀሐይዋን ወደመጣችበት የሚመልሳት ይመስላል። ይመልሳልም፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ያስቀረውን ደግሞ በጨረር መልሶ ለመልቀቅ ንፉግ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ ጣሪያ በሁለቱም በኩል ይሻላል። በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ብረት በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚበቃው፣ አንድ ኪሎ ውኃ ከሚፈልገው ሙቀት አንድ ዘጠነኛው ገደማ ነው።

ይህ ፈጥኖ መጋል ለጣሪያ መከራ፣ ለቀጥቃጭ ግን እንጀራ ነው። በከተማዋ ዳር አንድ አረጋዊ ቀጥቃጭ ዘንድ ተቀምጬ፣ በዚያ ወበቅ መስኮቱን በጆንያ መጋረዳቸው ገርሞኝ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ብርሃን ከገባ ብረቱ አይናገርም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። መዳብ ቀይ፣ ወርቅ ቢጫ፣ ብረት አመድማ የሚሆነው ሳይግል ነው። 525 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲደርሱ ሁሉም በጨለማ ደብዛዛ ቀይ ሆነው መታየት ይጀምራሉ። ድሬፐር የተባለ የአሜሪካ ሊቅ ይህን በ1847 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ብረቱ 800 ሲጠጋ ፍም ይመስላል፤ ከ1000 በላይ ወደ ቢጫ፣ 1300 ላይ ወደ ነጭ ይሄዳል። ሽማግሌው ቁጥሩን አያውቁም፤ ቀለሙን ግን አይስቱም።

ሌላም ቀለም አለ። ከመኪና ባሌስትራ የሠሩትን ማጭድ ውኃ ነክረው ካጠነከሩ በኋላ ስለቱን በድንጋይ አሽተው በዝግታ መልሰው ያሞቁታል። 220 ዲግሪ ገደማ ላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ቡናማ፣ ሐምራዊ፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ። ይኼኛው የፍም ብርሃን አይደለም፤ ውኃ ላይ እንደተንሳፈፈ ዘይት ቀለም የሚያወጣ ስስ የዝገት ሽፋን ነው። ሰማያዊው ከመጣ ስለቱ ለስልሷል ማለት ነው። ልዩነቱ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ መለኪያውም ዓይናቸው ብቻ።

ሰፈሩ የሚፈራው ይህንኑ ዓይን መሆኑ ነው የከነከነኝ። ማረሻ ሲሰበር ወደ እርሳቸው ይሮጣል፤ ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» ብሎ እርሳቸውን ያማል። አንድ ጊዜ መናገሻቸው ከዚሁ ቆላ በላይ አንኮበር የነበረች ዐፄ ምኒልክ፣ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። «አዋጁን ሰምተዋል?» ብላቸው ሣቁ።

ገለባው ቀለም ብቅ ሲል ማጭዱን ከእሳቱ አነሡት። ባለቤቱ ሂሳቡን ከፍሎ ወሰደ፤ ከደጅ እንደቆመ።