ወላጅ አምጣ

ከትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ አራት ቀን ቆየ። እናት ከነርሲንግ ሆም የሌሊት ሥራዋ ስትመለስ ታየዋለች፤ ልጇን ግን አትጠይቀውም። የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ በሙሉ ባታነበውም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የልጇን ስም ለይታለች። ትምህርት ቤቱ ወላጅ እንደጠራም ገብቷታል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ልጁ የጫማውን ክር ሲያስር፣ አላስችላት አለ። «ምን አጥፍተህ ነው?»

ምንም አላጠፋም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ሲገባ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ወረቀቱም ለሁሉም ቤት የተላከ የወላጆችና የመምህራን መገናኛ ቀን ጥሪ ነው። የእናቱን ትምህርት ቤት አያውቅምና ጥያቄዋ ግራ አጋባው።

እሷ ባደገችበት ደሴ «ወላጅ አምጪ» ማለት ቅጣት ነበር። የተጣላ፣ ያረፈደ፣ መስኮት የሰበረ ልጅ ከክፍል ይወጣና ወላጁን ይዞ እንዲመጣ ይታዘዛል። አባቱን የፈራ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን ጎልማሳ ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል። የሷ አባት ከምዝገባ ቀን በቀር የትምህርት ቤቱን በር አልረገጡም። ይህ ግን ቸልተኝነት አልነበረም። ልጅን ለየኔታ ሰጥቶ ዞር ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ መምህሩ ሥራውን ያውቃል፣ ደጋግሞ መጠየቅ እሱን መጠራጠር ይመስላል። ዛሬ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለ፤ የ«ወላጅ አምጣ» ድንጋጤ ግን ከብዙዎች ልብ አልወጣም። ያ የአባቷ አክብሮትም ባሕር ሲሻገር ትርጉሙ ይለወጣል። አሜሪካ ውስጥ ያልመጣ ወላጅ፣ መምህር ያከበረ ሳይሆን ለልጁ ግድ የሌለው ሊመስል ይችላል።

ሄደች። የተሰጣት አሥር ደቂቃ ነው፤ አስተርጓሚው ልጇ። መምህሯ ወረቀት ዘርግታ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች ብዙ ተናገረች። ልጁ ጉሮሮውን ጠረገና «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ያወራል ብቻ ነው የምትለው» አለ። እናት የመምህሯን ፊት አየች፤ ፈገግታ የለበትም። ያ ሁሉ ንግግር እንዴት እዚህች ላይ እንደተጠቀለለ ገረማት። ቢሆንም አመስግና፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወጣች። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እዚህ ግን ልጁን ሊጡ ላይ ያስቀመጡት ትልልቆቹ ናቸው።

ከሳምንታት በኋላ የውጤት ካርዱ መጣ። በሒሳብ «ዲ» አግኝቷል፤ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። አልመታችውም፣ አልጮኸችበትም። «ለምን ዋሸኸኝ?» ብቻ አለችው።

«ሌሊቱን ሠርተሽ መጥተሽ ነበር» አላት። «እዚያ፣ እሷ ፊት እንድታለቅሺ አልፈለግሁም።»

ከዚህ መልስ በኋላ የምትቆጣበት አቅም አጣች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የራሱን ክስ እንዲያነብ፣ ከዚያም እናቱን እንዲያጽናና ተደርጎ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘችው በዕቁብ ቀን፣ ቡና ላይ ነው። አንዲት ጎረቤት «አስተርጓሚ ጠይቂ እንጂ፤ መብትሽ ነው» አለቻት። እውነቷን ነው። በአሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚደገፉ ተቋማት ሰውን በብሔራዊ ማንነቱ እንዳያገሉ ይከለክላል፤ የቋንቋ መብት ክርክሮች የተመሠረቱት በዚሁ ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣች። ሕጉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ጨምሮ የከተማው ተቋማት አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ከተማው ዋና ዋና ሰነዶቹን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ሕጉ ካልተጠየቀበት ግን ወረቀት ላይ ይቀራል፤ እሷም ሰባት ዓመት ሙሉ አልጠየቀችም ነበር።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ጠረጴዛው መሐል ስልክ ተቀመጠ። ከስልኩ ውስጥ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ» የሚል የሴት ድምፅ ሲወጣ እናት ወንበሯ ላይ ቀና አለች። መምህሯ ያለችው ያን ያህል የሚያስለቅስ አልነበረም። ልጁ ትምህርቱ ይገባዋል፤ ፈተናም አይከብደውም። የቤት ሥራ ግን አያስረክብም፣ ውጤቱን የጎተተው ይኸው ነው። እናት ፖስታ ጀርባ ላይ የጻፈቻቸውን ሦስት ጥያቄዎች አነበበች። ያልገባው የቱ ጋ ነው? ሒሳቡን ባላውቀውም ቤት ውስጥ ምን ልከታተል? ስጋት ሲገባኝ ማንን ልጥራ? መምህሯ ሦስቱንም መለሰችላትና ያልተሰጡ የቤት ሥራዎች በስልኳ እንዴት እንደሚታዩ አሳየቻት።

ብዙ ወላጅ «አልጀብራ ሳላውቅ ምን ልረዳው?» ብሎ ይሸሻል። ናንሲ ሂልና ዳያና ታይሰን በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ልጆች የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረዋል። ከልጆቹ ውጤት ጋር ጎልቶ የተያያዘው የቤት ሥራ ማገዝ አልነበረም። ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም መነጋገር፣ ከልጁ የሚጠበቀውን ግልጽ ማድረግ፣ የዛሬውን ትምህርት ከነገ ሕልሙ ጋር ማገናኘት ነበር። ይህን ለማድረግ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

አሁን ከሥራ ስትመለስ ወዲያው አትተኛም። ልጁ ቁርሱን እስኪበላ አሥር ደቂቃ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ እሱም ትናንት የሠራውን በአማርኛ ይነግራታል። አንድ ጠዋት ቃል ጠፋበትና በእጁ አየሩን እየቆራረጠ «ይኼ... አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች» አለ።

«ክፍልፋይ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «ታውቂዋለሽ?»

«ደሴ ተምሬዋለሁ።»

በጸደይ ሌላ ጥሪ መጣ። የዚያኑ ዕለት ወደ ትምህርት ቤቱ ደውላ፣ ስትለማመዳት የሰነበተችውን አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተናግራ የአማርኛ አስተርጓሚ አስያዘች። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር።

«እኔስ ልምጣ?»

«ና» አለችው። «አንተ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።»