ሳትደርቅ

እናቴ ያረፈችው ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን፣ ሊነጋ ሲል ነው። ሐኪሞቹ ተስፋ ከቆረጡ ወር አልፏቸው ስለነበር ድንገተኛ አልነበረም። ቀድመው የደረሱት የማኅበሯ አዛውንት ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ «ልጄ፣ ለቅሶው ይደርሳል፤ ሳትደርቅ እንገንዛት» አሉኝ። ዓይኗን ከደኑ፣ አገጯን በሻሽ አሰሩ። «እሱ ነው የሚቀድመው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ነርስነት እማር ነበር። የጡንቻውን ምዕራፍ ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። በጡንቻ ሴል ውስጥ ሁለት ዓይነት የፕሮቲን ክር አለ፤ ወፍራሙ ማዮሲን፣ ቀጭኑ አክቲን። ከማዮሲን የወጡ ትናንሽ ራሶች አክቲንን ይይዛሉ፣ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ ደግሞ አለፍ ብለው ይይዛሉ። እናቴ በልጅነቷ ከጉድጓድ ውኃ ስትቀዳ ገመዱን የምትስበው እንዲሁ ነበር፣ እጅ በእጅ። የአንዱ ራስ አንድ ስበት ከሚሊሜትር አንድ መቶ ሺኛ ገደማ ነው፤ እልፍ አእላፋት ሆነው ሲስቡ ግን እንስራ ይነሣል። ክሮቹ ራሳቸው አያጥሩም፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል እንጂ። ይህን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ሁለት ሀክስሊዎች፣ አንድሩና ሂዩ፣ እያንዳንዳቸው ከባልደረባቸው ጋር ሆነው በአንድ የ«ኔቸር» እትም ላይ ለየብቻ አወጡት። ዝምድና የላቸውም፤ እኔ ግን ወንድማማቾች መስለውኝ ነበር።

ፈተናው ላይ ብዙዎቻችንን ያሳሳተው ሌላ ነው። ኤቲፒ የሚባለው የሴል ስንቅ ለመሳብ ብቻ የሚያስፈልግ ይመስላል። ማዮሲን የያዘውን የሚለቀው ግን አዲስ ኤቲፒ ሲያገኝ ነው። ልብ ሲቆም ስንቁ ያልቃል፤ የተያዘው እንደተያዘ ይቀራል። ሬሳ የሚደርቀው በዚህ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጀመሪያ ዓይን ቆብና አገጭ ላይ ይታያል፣ ከዚያ ወደ ሌላው አካል ይሄዳል። ከቀን ከሁለት ቀን በኋላ ፕሮቲኖቹ ሲፈራርሱ መልሶ ይላላል። አዛውንቷ ይህን ምዕራፍ አላነበቡም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ወደ እጇ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከሌሊቱ ጀምሬ ይዤው ነበር። የእናቴ ጣቶች ገና ልስልስ ናቸው፤ አልላቀቅ ያለው የእኔ እጅ ነው። የእኔ ስንቅ አላለቀም፣ ይህን እያወቅሁም መልቀቅ አቃተኝ።

«በይ ልጄ» አሉና ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቁ። ከዚያ የእግሯን አውራ ጣቶች የሚያስሩበትን ክር እንድይዝላቸው ሰጡኝ።