ሳጥኑ ሳይበተን

በ1980ዎቹ ፍራንክፈርት፣ ቅዳሜ ጠዋት ማይን ወንዝ ዳር በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የሟች ሳጥን እንዳለ ይሸጥ ነበር። ወራሽ የሌለው ሽማግሌ ሲሞት ቤቱን የሚያጸዱት ሰዎች መሳቢያውን ገልብጠው ፎቶውን፣ ደብዳቤውን፣ ሜዳሊያውንና የወታደር ደብተሩን በአንድ የጫማ ካርቶን አጭቀው ያመጡታል። ዋጋው ምሳ እንኳ አይገዛም። ጀርመኖቹ ጎንበስ ብለው ያዩና ቀና ብለው ያልፋሉ። በብዙ ቤት አባት ለልጁ ጦርነቱን አያወራም ነበር፤ ዕቃውንም የሚያነሳው አልነበረም።

እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ወረቀት ስለምወድ እገዛለሁ። ማንበቡ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የድሮው የጀርመን የእጅ ጽሑፍ በ1941 ከትምህርት ቤት ስለወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ያደገ ጀርመናዊ እንኳ የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ ይቸግረዋል። ደግነቱ፣ ከበላያችን ባለው ፎቅ የሚኖሩ ባልቴት በልጅነታቸው የተማሩት በዚያው ጽሑፍ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው መስኮት አጠገብ ይቀመጡና ጮክ ብለው ያነቡልኛል። አንድ ቀን በ1916 ከጦር ሜዳ የተጻፈ ደብዳቤ፣ አብሮት ከነበረው ሜዳሊያ ጋር፣ ይዤላቸው ወጣሁ። «ካልሲው ደርሶኛል ነው የሚለው። ሌላ ጥንድ ካለ ለወንድሜ ላኩለት ይላል» አሉና ዝም አሉ። ቆየት ብለው የእናቲቱን ስምና መንደሩን ከፖስታው ላይ ለቅመው በንጹሕ ወረቀት ጻፉልኝ። ስለ ሜዳሊያው ምንም አላሉም። አሮጌ የጦር ሰነድ መለየትን የጀመርኩት በዚህ ነው፤ አስቀድሞ ሰውየውን፣ ከዚያ ዕቃውን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እያንዳንዱ የጀርመን ወታደር ይዞት የሚዞር የደመወዝ ደብተር ነበረው፤ ዞልድቡኽ ይባላል። ከደረት ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር ነው፤ መታወቂያውም እሱ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ማዕረጉን፣ የአንገት መለያውን ቁጥር፣ የደም ዓይነቱን፣ የጋዝ ጭንብሉን ልክ ሳይቀር ይዟል። ሁለተኛው ቁመቱን፣ የዓይኑን ቀለምና የጫማውን ልክ። አምስተኛው ገጽ ላይ ሚስትና ወላጆች ከነአድራሻቸው ይሰፍራሉ፤ እኔ ደብተር ሲሰጡኝ ቀድሜ የምገልጠው ይህንን ገጽ ነው። ሌላም ደብተር አለ፣ ቬርፓስ የሚባል። እሱ ከጦሩ መዝገብ ይቀመጥና ወታደሩ ሲሰናበት ለራሱ፣ ሲሞት ለቤተሰቡ ይሰጣል። ስለዚህ መሞቱ የተመዘገበበት ቬርፓስ ገበያ ላይ ሲወጣ ከአንዲት እናት ወይም ሚስት መሳቢያ የወጣ ነው ብሎ መገመት አያስቸግርም።

አያቴ ማይጨው ላይ ቀርተዋል፤ አፈሩ ይቅለላቸው። የጫማ ልካቸው ይቅርና ስማቸው የሰፈረበት አንድ ወረቀት ቤተሰባችን አላገኘም። ሌላው ሕዝብ ይህን ያህል ጽፎ አስቀምጦ መልሶ ሲበትነው ዝም ብዬ ማየት የማልችለው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ዛሬ ጨረታው በስልክ ነው። ሻጩ ካርቶኑን ይዘረግፍና ደብተሩን ለአንዱ፣ ሜዳሊያውን ለሌላው፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ይሸጣል፤ ተነጣጥሎ የበለጠ ያወጣልና። ፖስታው ለማኅተሙ ሲባል ይሄዳል፤ ደብዳቤው ሳይነበብ ይቀራል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የፕሩሲያ ጦር መዝገብ ፖትስዳም ውስጥ በ1945 በቦምብ ተቃጥሏል። የባየርን ወታደሮች መዝገብ ሙኒክ ውስጥ ተርፏል፤ ለብዙ የፕሩሲያ ወታደር ግን ከዚያ ካርቶን ሌላ ዱካ ላይገኝ ይችላል።

ዕቃ ይዘው የሚመጡ ሰዎች የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ እውነተኛ ነው ወይ፣ ስንት ያወጣል። የመጀመሪያውን በደስታ አሳያለሁ። የብረት መስቀል የሚባለው ሜዳሊያ መሃሉ ብረት ስለሆነ ባብዛኛው ማግኔት ይስበዋል። ከጦርነቱ በኋላ በተሠራ ወረቀት ላይ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ያንጸባርቃል፤ የድሮው አያበራም። ደብተር ላይ ፎቶ ካለ ማኅተሙ ፎቶውንም ገጹንም አቋርጦ ማለፍ አለበት፤ መስመሩ ከተዛነፈ ፎቶው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ዋጋውን ግን የሚሰቅለው ብዙ ጊዜ የናዚ ምልክት ነው፤ የጀርመን ሕግ በአደባባይ ማሳየቱን ስለሚከለክል ሻጮቹ በካታሎጉ ላይ በተለጣፊ የሚሸፍኑት ያው ምልክት። ከ1934 ጀምሮ በአንደኛው ጦርነት ልጅ ወይም ባል ለሞተባቸው የተሰጠ ጥቁር መስቀል አለ። የምስክር ወረቀቱ የእናቲቱን ስም ይዟል፤ የተሰጣት ደግሞ በሂትለር ስም ነው። ልጇ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ማን መጥቶ ኀዘኗን እንደተጠቀመበት በአንድ ገጽ የሚናገር ሰነድ ነው። በጨረታ ግን እምብዛም አይፎካከሩበትም።

በደብተሩ ያለው ሰው ሁሉ ንጹሕ ነበር አልልም። የጦር ክፍሉና ቀኑ ስለተጻፈ፣ ባለአምስት አሃዙ የጦር ሜዳ ፖስታ ቁጥርም ክፍሉን ስለሚያመለክት፣ ያ ክፍል በዚያ ወር የት ሆኖ ምን እንደሠራ ማመሳከር ይቻላል። ከስሙ የተለየ መስቀል ግን ለሐዘንም ለጥያቄም አይመችም። የያኔው እፍረት ብዙ እውነት ቀብሯል፤ አልናፍቀውም። የዛሬው ጉጉት ግን ሰውየውን ይበልጥ እያራቀው ነው።

በቅርቡ እዚሁ ጀርመን የተወለደ የአገራችን ልጅ በጨረታ የገዛውን የሁለተኛው ጦርነት የአንገት መለያ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለ። ሞላላ ብረት ናት፤ መሃሏ ለመስበር እንዲመች ተበስቷል፤ ሁለቱም ግማሽ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ፣ የክፍል ስምና ቁጥር። የሰው ስም አይጻፍባትም። ወታደሩ ሲሞት ታችኛው ግማሽ ተሰብሮ ለመዝገብ ይላካል፤ ላይኛው ከሬሳው ጋር ይቀራል። የልጁ መለያ ግን ሙሉ ነበረች፤ ቀዳዳዎቿ ውስጥ ደግሞ ቀይ ጭቃ ደርቋል።

ከመሬት የወጣች ሙሉ መለያ ምን ማለት ልትሆን እንደምትችል ነገርኩት፤ ሰውየው ሲሞት ማንም አልመዘገበው ይሆናል፣ እስካሁንም ከጠፉት ተቆጥሮ ይሆናል። ልጁ ብረቷን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። የየክፍሉ የመለያ ቁጥር ዝርዝር በርሊን ነው ያለው፤ ከ2019 ጀምሮ በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ሥር። እዚያ ጻፍን። በ1919 የተቋቋመው የጦር መቃብሮች ማኅበር፣ ፎልክስቡንድ፣ ዛሬም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር አስከሬን እያወጣ በክብር ይቀብራል፤ የወታደሩ ስም ከተገኘ ለማኅበሩም እንነግራለን። ልጁ ለሻጩም የት እንደተገኘች ጠይቆ ጽፎለት ነበር። «ከአሮጌ ስብስብ ነው» የሚል መልስ መጣለት። ቁጥሩ ስም ሊሰጠን ይችላል፤ አጥንቱ ያለበትን ጉድጓድ የሚያውቀው ግን የቆፈረው ሰው ብቻ ነው።