ሽምጥና ልጓም

በጉግስ ሜዳ ተመልካቹን የሚያስጮኸው የፈረሱ ሽምጥ ነው፤ ጋላቢውን ከተወረወረ ዘንግ የሚያድነው ግን ፈረሱ ልጓም መስማቱ ነው። በሙሉ ግልቢያ መሃል መታጠፍ፣ ገታ ብሎ መመለስ፣ ይህንኑም በላብ እስኪጠመቅ መደጋገም የሚችል ፈረስ ነው የሚያኮራው። ይህን የቆየ መስፈሪያ ለሁለት መኪናዎች ላውለው እፈልጋለሁ። አንዱ በካሊፎርኒያ የተሠራው ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌድ ነው፤ ሌላው ከጀርመን ከሽቱትጋርት የሚመጣው ፖርሽ ታይካን ቱርቦ ኤስ። ሁለቱም ባለአራት በር፣ ሁለቱም በባትሪ የሚሄዱ፣ ሁለቱም ፍጥነትንና ድሎትን አንድ ላይ ለሚሻ ባለገንዘብ የተሠሩ ናቸው። በዋሺንግተንም ሆነ በዱባይ በሁለቱ መካከል የሚያመነታ ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ነው፦ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ለመግባት ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? እኔ የምለው፣ ከቁጥሮቹ ሁሉ ትንሹ ክብደት የሚገባው ለዚህኛው ነው።

ምክንያቱ ከሞተሩ ይጀምራል። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ ፈጥኖ የሚነሣ መኪና ለመሥራት ሲሊንደር መጨመር፣ አየር በግድ መጋት፣ ማርሹን ማራቀቅ ግድ ነበር፤ ግማሽ ሰከንድ ለመቀነስ የብዙ ዓመት ድካም ይጠይቅ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ገና መዞር ሲጀምር ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን ይሰጣል። ሞተርና ባትሪ የጨመረ አምራች ሁሉ ፈጣን አነሣስ ያገኛል፤ ትናንት ብርቅ የነበረው ዛሬ ረክሷል። ፕሌዱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ በሦስት ሞተሮች 1,020 የፈረስ ጉልበት ይዞ፣ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 1.99 ሰከንድ ብቻ እንደሚበቃው ተነገረለት። በ2019 የወጣው ቱርቦ ኤስ በ750 የፈረስ ጉልበት መቶ የሚገባው በ2.8 ሰከንድ ነበር። ጨዋታው እዚህ ያለቀ ይመስላል። ይሁንና የፕሌዱ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይቆጥር የተለካ ነው። ይህ በአሜሪካ የቀጥታ መንገድ እሽቅድምድም የቆየ ልማድ ስለሆነ ማጭበርበር አልለውም። ባትሪውም ለዚያች አንዲት አነሣስ አስቀድሞ ለደቂቃዎች መዘጋጀት አለበት። መብራት ላይ ቆሞ አረንጓዴ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሁሉ አያገኘውም።

እውነተኛው ፈተና የኑርበርግሪንግ የሩጫ መንገድ ነው። ወደ 21 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በደን መሃል የሚጠማዘዝ፣ ሽቅብና ቁልቁል የሚያላጋ መንገድ ነው። ፕሌዱ በ2021 በ7 ደቂቃ ከ35.6 ሰከንድ ዞረው። በተከታዩ ዓመት ቱርቦ ኤስ፣ ለሩጫ የተመረጠ ጎማ ተገጥሞለት፣ በ7 ደቂቃ ከ33.3 ሰከንድ ጨረሰ። ታይካን ቀደመ ማለት ነው። የ270 የፈረስ ጉልበት ብልጫ ያለው ፕሌድ በሁለት ሰከንድ ያህል ተቀደመ! ያ ሁሉ ትርፍ ጉልበት የት ገባ? ኩርባው ላይ፣ ፍሬኑ ላይ፣ ሙቀቱ ላይ ቀረ። ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው ጉልበታቸው ሲቀራረብ ነው። ቴስላ በ2023 የካርቦን ሴራሚክ ፍሬንና የሩጫ ጎማ ያለው ፕሌድ ይዞ ተመልሶ ሰዓቱን ወደ 7 ደቂቃ ከ25.2 ሰከንድ አወረደ። ፖርሽ ደግሞ ጉልበቱ ከፕሌዱ ጋር የሚቀራረበውን ታይካን ቱርቦ ጂቲ አሰልፎ በ7 ደቂቃ ከ7.5 ሰከንድ መግባቱን በ2024 መጀመሪያ አሳወቀ። ይህኛው የኋላ ወንበር የሌለው ለሩጫ የተራቆተ ዓይነት ስለሆነ ልዩነቱን በሙሉ ለታይካን አልሰጥም። ቢሆንም 17 ሰከንድ በወንበር ክብደት ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ምሥጢሩ ሙቀት ነው። የኤሌክትሪክ መኪናን የሚያደክመው ሙቀት ነው፤ ባትሪው ሲግል መኪናው ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ከኤሌክትሪክ ፍሰቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ፕሌዱ እንደ አብዛኞቹ በ400 ቮልት ዙሪያ ሲሠራ፣ ታይካን በ800 ቮልት የሚሠራ የመጀመሪያው በብዛት የተመረተ መኪና ሆነ። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ያንኑ ጉልበት ለማስተላለፍ ግማሽ ፍሰት ይበቃል፤ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይም የሚባክነው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ፖርሽ ከምርቃቱ በፊት በጀርመን በላር የአውሮፕላን ማረፊያ ታይካንን ከዜሮ እስከ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር 26 ጊዜ በተከታታይ አስነሥቶታል፤ በፈጣኑና በዘገምተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 0.8 ሰከንድ ብቻ ነበር። የአምራቹ የራሱ ፈተና ነው ቢባል ልክ ነው። ይሁን እንጂ ፖርሽ ሊያሳይ የመረጠው ነገር ራሱ ይናገራል፤ አንዱ የመጀመሪያዋን አነሣስ ሲያሳይ ሌላው ሃያ ስድስተኛዋን አሳየ። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። እጅግ ርካሽ የሆነውን መኪና የሚገዛ የአዲስ አበባ ሰውም ሻጩን ስለ ሰከንድ ከመጠየቁ በፊት ባትሪው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የርቀት ነው፤ አቅልዬ አላልፈውም። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ልኬት ፕሌዱ በአንድ ቻርጅ እስከ 637 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ የመጀመሪያው ቱርቦ ኤስ 309 ብቻ ነበር። ግማሽ እንኳ አይሞላም። ታይካን በኋላ ትልቅ ባትሪ አግኝቶ ተሻሽሏል፤ በተስማሚ ጣቢያም ከ10 ወደ 80 በመቶ በ18 ደቂቃ ይሞላል። ነገር ግን 800 ቮልቱ ጥቅም የሚሰጠው እሱን የሚመጥን ጣቢያ ሲገኝ ነው፤ በአሜሪካ ሰፊውን የጣቢያ መረብ የዘረጋው ደግሞ ቴስላ ነው። ዋጋውም አለ። ፕሌዱ በ2023 ወደ 90,000 ዶላር ሲወርድ፣ ቱርቦ ኤስ ገና ሲወጣ 185,000 ይጠየቅበት ነበር። ሩቅ የሚጓዝ፣ ልጆች የሚጭን፣ ገንዘቡን የሚቆጥብ ሰው ወደ ቴስላ ቢያዘነብል ማን ይፈርድበታል?

ግን ይህ ተቃውሞ እስከ መጨረሻው ሲታሰብ ፕሌዱን አያድነውም። ሞዴል ኤስ በሁለት ሞተር ብቻ የሚሄድ ዓይነትም አለው፤ ያኛው በዚያው ልኬት 652 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው። ርቀትና ቁጠባ የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው መኪና ይኸው ባለሁለት ሞተሩ ነው። ፕሌዱ በሦስተኛው ሞተር የሚጨምረው ያችን አንዲት አነሣስና የቀጥታ መንገድ ፍጥነቷን ነው። በኑርበርግሪንግ ማን ይነዳል የሚለው ጥያቄም መልሱ እዚሁ አለ፤ ከተራራ የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ በየአገሩ አለ፣ በሁለት ሰከንድ መቶ የሚገባበት የከተማ መንገድ ግን የለም። ታይካን ፍሬኑ ሲረገጥ አስቀድሞ ሞተሮቹን ወደ ኃይል ማመንጫነት ይለውጣል፤ ፖርሽ እንደሚለው ከዕለት ተዕለቱ ፍሬን 90 በመቶው በዚህ መንገድ ይከናወናል። ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ በየቀኑ የሚያገኘው ጥቅም ነው። እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ መንዳት የሚወድ፣ አቅሙም የሚፈቅድለት ታይካንን ይግዛ፤ ረጅም መንገድ የሚበዛበት ባለሁለት ሞተሩን ሞዴል ኤስ ይውሰድ፤ ፕሌዱን ግን ሁለቱም ይተዉት።