እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ሽመላ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ወፍ ነውና ታገሡኝ።

ባለፈው ጥር፣ ከአዳሚ ቱሉ ወጣ ብሎ ቡልቡላ ወንዝ ዳር ባለችን ማሳ ሽንኩርት ሳጠጣ፣ ሁለት የውጭ አገር ሰዎችና አንድ አስጎብኚ ልጅ መጥተው ባለ ሦስት እግር መነጽር ተከሉ። መሬት የሚለኩ መስሎኝ ደነገጥሁ። ልጁ ሳቀና «ይምጡ ይዩ፣ ጋሼ» አለኝ።

ባንድ ዓይኔ ተመለከትሁ። ሽመላ ነው። ባቱ ዓሣ ማራገፊያው ላይ የቆሮሶ አንጀት የሚሻማው አባ ኮዳ አይደለም፤ ይኼኛው አካሉ ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ እግሩና ምንቃሩ ቀይ ነው። አንበጣና ፌንጣ እየለቀመ ይራመዳል። እግሩ ላይ ጥቁር ቀለበት አለ፤ በቀለበቱም ላይ ነጭ ፊደልና ቁጥር ተጽፎበታል።

ልጁ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ጫጩቱ አውሮፓ ውስጥ ገና ጎጆው ውስጥ ሳለ፣ መብረር ሳይጀምር፣ ቀለበቱን ያስሩለታል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው መያዝ አያስፈልገውም፤ ከሩቅ በመነጽር ቁጥሩን አንብቦ ለመዝጋቢዎቹ ይጽፋል፤ እነሱም ከየትኛው መንደር፣ በየትኛው ዓመት እንደተነሣ ይነግሩታል። ሽመላ ሰፊ ባሕር መሻገር አይችልም። ከመሬት በሚነሣው ሞቃት አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚጓዘውና ሜዲትራንያንን ዞሮ በቱርክ፣ በሲና፣ በዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። አንዳንዱ እኛ ዘንድ ይከርማል፤ ሌላው ግን እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል።

«ደቡብ አፍሪካ» ሲል ውሃው ከቦይ ወጥቶ ሲፈስ እንኳ አላየሁም።

ታናሽ ወንድሜ በሞያሌ በኩል ወደዚያው ከወጣ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የመዘምራን ልጅ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ኬንያ ሆኖ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ደላላው ስልኩን ዘጋብን። ጎረቤቶች፣ ክፉ አስበው አይደለም፣ «ለቅሶ ተቀመጡና ልባችሁ ይረፍ» አሉን። እማዬ እምቢ አለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእሷ ተናድጄ ነበር። እምነት ሳይሆን እልህ መሰለኝ። በማክሰኞ ጸሎት ስሙ ሲጠራ አንገቴን እደፋለሁ እንጂ አሜን አልልም ነበር።

ልጁን «ማንም ካላየውስ?» አልሁት።

«ያኔ ዝም ነው፣ ጋሼ። ስንቱ ታስሮለት ሁለተኛ አይታይም።»

ማታ በስልኬ ስለ ሽመላ ሳነብ አመሸሁ። ቀለበት ማሰር በእኛ ዘንድ ባይታወቅም አሮጌ ሥራ ነው፤ ሞርተንሰን የሚባል ዴንማርካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1899 ለወፎች ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ጀመረ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ ክሉትስ በሚባል ቦታ አጠገብ አንድ ሽመላ ተገኘ፤ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የአፍሪካ ጦር አንገቱን ወግቶት እንደተሰካ ነበር። ወፎቹ በብርዱ ወራት የት እንደሚገቡ ሰው ሲከራከር ኖሮ፣ የዚያ ወፍ ቁስል መለሰለት። ጦሩን ተሸክሞ ያን ሁሉ አገር በርሮ ገባ። እዚያ ደግሞ ተኩሰው ጣሉት! ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል። ከዚህ ታሪክ ስብከት ማውጣት ሞክሬ አልሆነልኝም።

መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትሁ። ኤርምያስ 8፥7 ላይ ነቢዩ ሽመላን ጠቅሶ ጊዜዋን እንደምታውቅ ይናገራል፤ ሕዝቡ ግን አላወቀም ብሎ ያዝናል። ከዚያ ማቴዎስ 10፥29ን አነበብሁ፤ ስለ ድንቢጦቹ የሚናገረውን። ከልጅነቴ ጀምሬ ይህን ክፍል «ድንቢጧ አትወድቅም» ብሎ እንደሚያጽናና አድርጌ ነበር የያዝሁት። ጌታ ግን እንደዚያ አላለም። ስለምትወድቀዋም ነው የተናገረው፤ ያለ አብ ፈቃድ እንደማትወድቅ ነው የነገረን። ወገኖች፣ ይህን ሳነብ መጀመሪያ አልተጽናናሁም፤ ፈራሁ። ምክንያቱም ወንድሜ በሕይወት እንዳለ ቃል አልገባልኝም።

ግን አንድ ነገር ገባኝ። ቀለበቱ የሚያውቀው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ጎጆውንና ሰው ያየበትን ቦታ። በመካከል ያለው በረሃ፣ ጥማቱ፣ ያደረበት ዛፍ በመዝገቡ ላይ የለም። እማዬ ለቅሶ አልቀመጥም ስትል ያን መካከል የሚያይ እንዳለ እያመነች ነበር። በእኔ መዝገብ ላይ ወንድሜ ከኬንያ በኋላ አልተጻፈም ነበር፤ እኔም አልተጻፈም ማለት የለም ማለት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ነገርኋት። ቡና እየወቀጠች ሰማችኝ።

«ቀለበቱ አያቆስለውም?» አለች።

«አያቆስለውም።»

«መቼ ነው ያሰሩለት?»

«ጎጆው ውስጥ ሳለ፣ ሳይበር።»

ዘነዘናውን አስቀመጠች። ጥቂት ዝም ብላ ስልኳን አመጣችና ቻርጅ ላይ ሰካችው፤ ከዚያ «ድምፁ ክፍት መሆኑን እየው እስቲ» ብላ ሰጠችኝ።